የእትዬ ሉባባ ቲማቲምና ሦስተኛው ረድፍ

ጥፋተኛውን በጣታችሁ ጠቁማችሁ፣ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ራሱን ነቅንቆላችሁ፣ «ደህና አድርጌ አስረዳሁ» ብላችሁ ደስ ብሏችሁ ወደ ቤታችሁ የገባችሁበት ቀን አለ? በማግስቱስ የገዛ እጃችሁን አይታችሁ የደነገጣችሁበት? እኔን አጋጥሞኛል። ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል። የምናደድባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ግን በቅደም ተከተል መናገር ስለምወድ ከመጀመሪያው ልነሳ።

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ ከእናቴ ጋር ነው። ጠዋት ከፒያሳ ሚኒባስ ይዤ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ጠመኔዎቼ በየቀለማቸው ተለይተው በሳጥን የተደረደሩ፣ የትምህርት ዕቅዴ በማስመሪያ የተሰመረ ነበር። ሰው «ዛሬ በረደ» ካለኝ ለምን እንደበረደ ሳላብራራለት አልለቀውም። ተማሪዎቼ «መምህርት ማብራሪያ» ይሉኛል፤ የማላውቅ ይመስላቸዋል።

የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎዬ ሁሴን፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደጋን በሚወስደው መንገድ ዳር በመስኖ ቲማቲም ያለማል። ማሳው ከሁለት ጎረቤቶች ማሳ ጋር ተያይዞ ከአንድ ቦይ ይጠጣል። አንዱ ጎረቤት አያ ሰይድ ናቸው፤ የአካባቢው ጅጌ መሪ፣ ሥራ ሲጀመር ዱዓ የሚያደርጉ፣ የትምባሆ ሱረታቸው ከአፍንጫቸው የማይለይ ሽማግሌ። ሌላዋ ጎረቤት እትዬ ሉባባ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳውን ብቻቸውን ይዘው የቆዩት በጅጌው ብርታት ነው።

ጅጌ ማለት ጎረቤት ተሰብስቦ ለብቻ የማይገፋውን የአንዱን ሥራ በአንድ ጊዜ የሚጨርስበት፣ ከዚያ ወደ ሌላው የሚያልፍበት ደንብ ነው። የእነሱ ጅጌ ሁለት የማይጣሱ ሕጎች አሉት። አንደኛ፣ ወንድ የሌለበት ቤት ይቀድማል፤ ስለዚህ ሥራው ሁልጊዜ ከእትዬ ሉባባ ማሳ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ሰው ከቦዩ ጀምሮ ተሰልፎ እያንዳንዱ አንድ ረድፍ ይይዛል፤ አያ ሰይድ አንዴ ያቆሙህ ቦታ በሦስቱም ማሳ ላይ ቦታህ ነው። «የኔ ረድፍ ረዘመ፣ ያንተ አጠረ» የሚል ጭቅጭቅ እንዳይነሳ ነው። ማሳዎቹ ጠባብና ረጃጅም ናቸው፤ አሥራ አንድ ረድፍ ለአሥራ አንድ ሰው።

አንድ ቅዳሜ እኔም ልርዳ ብዬ ሄድኩ። የዕለቱ ሥራ በግንዱና በቅጠሉ መካከል የሚወጣውን ትርፍ ቀንበጥ መቀንጠስ ነበር። ሌሎቹ በጣታቸው ይቀነጥሳሉ። እኔ ከቦርሳዬ መቀስ አወጣሁ።

«ጣት ግንዱን ይልጠዋል» አልኳቸው። «መቀስ ግን አስተካክሎ ይቆርጣል። ቁስሉም ቶሎ ይድናል።»

«አስተማሪዋ ቲማቲሙን ፀጉር ልታስተካክለው ነው» አሉ አያ ሰይድ። «በይ ከጎኑም ከፍ አድርጊለት፣ ለዒድ ያምርበታል።»

ተሳሳቅን። ማሻአላህ የተባለለት ሥራ ሠርተን ሦስቱንም ማሳ ከመግሪብ በፊት ጨረስን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አጎዬ አንድ ቅጠል በወረቀት ጠቅልሎ ኮምቦልቻ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ቅጠሉ ዥጉርጉር ነበር፤ ቢጫና ጥቁር አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ አዲሱ ለጋ ደግሞ እንደ እንስላል የቀጠነ። አብረን አንድ የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ገባን። ባለ ሱቁ ስልኩን እያየ ነበር።

«ዋግ ነው» አለ።

«ቅጠሉን ሳያዩት?» አልኩት።

«እህቴ፣ እኔ በዚህ ሥራ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት የመጣው ሁሉ ዋግ ነው።»

«ዋግ እኮ የሻገተ ነገር ያሳያል፣ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ወይም ጥቁር ጠባሳ ይኖረዋል። ይሄ ግን...»

«ይረጭ። በሳምንቱ ይደገም።» የሚረጭ የመድኃኒት ዱቄት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

አጎዬ ገዛ። እኔ ያን ሰው እየተራገምኩ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። ሳያይ የሚፈርድ ሰው እንዴት እንደሚያበሳጨኝ ለተማሪዎቼ ጭምር ነገርኳቸው። ይህን ያዙልኝ፤ ራሴን የምከሰው በዚሁ ነው።

ሦስቱም ማሳ ሁለት ጊዜ ተረጨ፤ ለውጥ የለም። በዚያው ሰሞን ቅዳሜ ጅጌው በአጎዬ ግቢ ተሰበሰበና እኔ ተጠራሁ። ከዚያ በፊት ሦስቱንም ማሳ በእግሬ ዞሬ፣ የታመመውን ሁሉ በደብተሬ መዝግቤ ነበር። የእትዬ ሉባባ ማሳ በጣም ተጎድቷል። የአያ ሰይድ መካከለኛ ነው። የአጎዬ ገና መጀመሩ ነው።

«በይ የእህቴ ልጅ» አለ አጎዬ፣ «ይሄ ነገር ምንድን ነው?»

ብድግ አልኩ። ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ሁሉ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ይሄ ዋግ አይደለም። ቫይረስ ነው። ዋግ የሚያመጣው ፈንገስ ነው፤ ፈንገስን ዱቄቱ ይገድለዋል። ቫይረስ ግን በተክሉ ሴል ውስጥ ገብቶ እዚያው ይራባል። የሚረጭ መድኃኒት አይደርስበትም።»

«ታዲያ ምን ይበጀዋል?» አሉ አያ ሰይድ።

«የታመመውን ነቅሎ ማቃጠል ነው። ምንጩን ማጥፋት።»

«ምንጩስ የት ነው?»

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። «አላውቅም፣ እስኪ ልመልከት» ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ጥያቄ ሳይመለስ እንዲያልፍ አልወድም።

«መጀመሪያ የታየው የት ነው? የበዛውስ የት ነው?» አልኩ። «ምንጩ እዚያ ነው።»

ስም አልጠራሁም። መጥራትም አላስፈለገኝም፤ ፊት ሁሉ ወደ እትዬ ሉባባ ዞረ። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«እኔ ምን አደረግሁ?» አሉ። «ውሃውን እኩል ጠጣን። ዱቄቱን እኩል ረጨን።»

«አድርገሻል ያለሽ የለም» አሉ አያ ሰይድ። «ዕድል ነው። ግን ዕድልሽ ወደ ሰው ማሳ አይሻገር።»

«ባሏ ከሞተ ወዲህ እዚያ ማሳ ላይ መቼ ደህና ነገር በቅሎ ያውቃል?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ነገሩ ከዚያ በኋላ እንደ ቁልቁለት መኪና ሄደ። እትዬ ሉባባ እስከ ሰኞ ማሳቸውን ሙሉ በሙሉ እንዲነቅሉ፣ በዚህ ወቅት ደግሞ ጅጌው ወደ እሳቸው እንዳይገባ፣ እሳቸውም ወደ ጅጌው እንዳይመጡ ተወሰነ።

«አሥራ አንድ ረድፍ ብቻዬን?» አሉ እትዬ ሉባባ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «መሬቱን ለሰው ስጪው በሉኝ አቦ። አፈር ስሆን፣ እሱን በግልጽ በሉኝ።»

 ጅጌ የሌላት ሴት መሬቷን ምርቱን ለሚካፈላት እኩል አራሽ ከመስጠት ሌላ መንገድ እንደሌላት እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል። ይህ ቫይረስ የባል መሞት የማይገባው፣ መበለት ከባለትዳር የማይለይ ነገር መሆኑን ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። አጎዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ «ማሻአላህ፣ የተማረ ሰው እንዲህ ነው» አለ። አፌን ዘጋሁት። ለዚህች ቅጽበት ራሴን ይቅር ያልኩበት ቀን የለም።

እሑድ ጠዋት ቧንቧ ውሃ፣ ቤታችን ውስጥ፣ የሰኞን ትምህርት ሳዘጋጅ ያን ማሳ ምሳሌ ላደርገው አሰብኩ። ሦስት አራት ማዕዘን በማስመሪያ ሠራሁ፣ በያንዳንዱ አሥራ አንድ መስመር አሰመርኩ፣ በደብተሬ የመዘገብኩትን የታመመ ተክል ሁሉ በቀይ ነጥብ አስቀመጥኩ። የእትዬ ሉባባ ማሳ በቀይ ተጥለቀለቀ፤ በየቀኑ ብቻቸውን እየገቡ በእጃቸው ስለሚያስሩትና ስለሚያቃኑት ሕመሙ ከረድፍ ወደ ረድፍ ተዛምቶ ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን ሦስተኛው ረድፍ ነው። ወደ አያ ሰይድ ማሳ ስመጣ ቀዩ ነጥብ ከግማሽ በላይ የወደቀው በሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። በአጎዬ ማሳ ላይ ያሉት ጥቂት ነጥቦች ደግሞ ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው።

እርሳሴን አስቀመጥኩ። ነፋስ ረድፍ አይቆጥርም። ዝንብም አይቆጥርም። የቦዩ ውሃም ከአንደኛው ረድፍ ዘሎ ሦስተኛው ላይ ብቻ አይወርድም። በሦስት ማሳ ላይ በተመሳሳይ ረድፍ የሚሄድ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ በጅጌ የተሰለፈ ሰው። ሕመሙ የሄደው በሰው እጅ ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ሦስተኛ የቆመው ነው።

ሰልፉን በአእምሮዬ ቆጠርኩ። ከቦዩ ዳር እትዬ ሉባባ፣ ቀጥሎ የአጎዬ ሚስት ዘሃራ፣ ከዚያ አያ ሰይድ። ሦስተኛው አያ ሰይድ ናቸው። ሱረታቸው ትዝ አለኝ፤ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ አለልኝ። ይህ የቲማቲም ቫይረስ የትምባሆ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በደረቀ የትምባሆ ቅጠል ውስጥ እንኳ ሳይሞት ይቆያል። ሱረቱን በነካ ጣት ቀንበጥ የቀነጠሰ ሰው ቫይረሱን በየተክሉ ቁስል ላይ ይዘራዋል። እና ያ ሰው ነው ትናንት «ዕድልሽ ወደ ሰው ማሳ አይሻገር» ያለው።

ቁርሴን ሳልበላ ወጣሁ። ፒያሳ ያገኘሁት ሚኒባስ ረዳት «ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው» እያለ ይጣራል።

«አራት ወንበር ባዶ ነው» አልኩት።

«አስተማሪ ነሽ መሰለኝ» አለኝ። «ግቢና አንድ ቀንሺለት።»

ሃያ ደቂቃ ቆምን። እትዬ ሉባባ አሁን ስንተኛው ረድፍ ላይ ደርሰው ይሆን እያልኩ በመስኮቱ በኩል መንገዱን አያለሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ለአያ ሰይድ የምናገረውን በልቤ አሰናዳሁ። «ሰውን ከመወንጀልዎ በፊት እጅዎን ቢያዩ ምን ነበረበት?» እላቸዋለሁ። «እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፤ ፍርድዎ ሰው ያፈርሳል» እላቸዋለሁ። ዓረፍተ ነገሮቹ እንዴት እንደሚያምሩ፣ እንዴት እንደሚቆርጡ። ከኮምቦልቻ ሌላ መኪና ይዤ ወደ ደጋን በኩል ስሄድም እሱኑ እያሻሻልኩ ነበር።

ስደርስ ከቦዩ ማዶ፣ ከመንገዱ በኩል ጀምሮ ሰባት ረድፍ ተነቅሎ ተከምሯል። እትዬ ሉባባ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ አስረው አራተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ጎንበስ ብለዋል።

«እትዬ ሉባባ፣ ይተዉት። አይንቀሉ።»

ቀና አላሉም። «ትናንት ንቀይ፣ ዛሬ አትንቀይ። ቲማቲም ነው የምታስተምሪኝ ወይስ ሶብርና ትዕግሥት?»

ደብተሬን ከፍቼ ነገርኳቸው። ቀይ ነጥቦቹን፣ ሦስተኛውን ረድፍ፣ ሱረቱን። ተክሎቹ የታመሙት በእሳቸው ጥፋት እንዳልሆነ፣ ሕመሙ በእጅ እንደሚሄድ። ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«የማን እጅ ነው አልሽ?»

«የአያ ሰይድ። ሦስተኛ የቆሙት እሳቸው ናቸው።»

«ሰይድ አራተኛ ነው» አሉ።

«አይደለም። አንደኛ እርስዎ፣ ሁለተኛ ዘሃራ፣ ሦስተኛ...»

«አንቺስ የት ቆመሽ ነበር?»

ጣቴ ለመቁጠር እንደተዘረጋ ቀረ። ዘሃራ ዘፈን ስትጀምር ከግራዬ ነበረች። አያ ሰይድ ስለ ፀጉር ማስተካከል የቀለዱብኝ ከቀኜ ሆነው ነው። ሰልፉን ስቆጥር ሁሉንም ሰው ቆጥሬያለሁ፤ ራሴን ግን እንግዳ አድርጌ ዘለልኩ።

«ያስተማሩሽ ሰዎች ራስሽን መቁጠር አላስተማሩሽም?» አሉ እትዬ ሉባባ።

አሁንም ላለማመን ሞከርኩ፤ ይህንንም መናዘዝ አለብኝ። ወደ ሦስተኛው ረድፍ ገብቼ ተንበረከክሁ። የሌላው ረድፍ ግንድ ሁሉ በጣት የተቀነጠሰበት ቦታ ላይ የተሸረከተ ጠባሳ አለው። የሦስተኛው ረድፍ ጠባሳ ግን ልስልስ፣ ቀጥ ያለ ነው። የመቀስ ነው። ያን ቀን መቀስ የያዘ ሰው አንድ ብቻ ነበር። መቀሱን ከቦርሳዬ አወጣሁት፤ ስለቱ ላይ የደረቀ አረንጓዴ ጭማቂ ተጋግሯል። ያን ጊዜ ነው ከጅጌው በፊት የነበረው ዓርብ ትዝ ያለኝ። በትምህርት ቤታችን ጓሮ ተማሪዎቼ የተከሉት ቲማቲም ቅጠሉ ዥጎርጎር ብሎ ነበር። «ማዳበሪያ አንሶት ነው» ብዬ፣ ሳልመረምር፣ በዚያው መቀስ ቀንበጡን ሁሉ ከረከምኩት። መቀሱን ሳላጥብ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። በማግስቱ መጀመሪያ የገባሁበት ማሳ የእትዬ ሉባባ ነው። ለዚህ ነው የእሳቸው ማሳ የባሰው፤ መቀሴ ላይ የነበረውን መርዝ ሁሉ መጀመሪያ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። መበለት ትቅደም በሚለው መልካም ደንብ ምክንያት። ለአያ ሰይድና ለአጎዬ የደረሰው ትራፊው ነው።

አያ ሰይድ የያዙት አራተኛው ረድፍ በእሳቸውም በአጎዬም ማሳ አንድ ቀይ ነጥብ አልነበረበትም። ያን ጠዋት በደብተሬ ላይ ሳየው እንኳ አላየሁትም።

«እነዚህንስ ዘለልሻቸው?» አሉ እትዬ ሉባባ።

በጣታቸው ወደ ሦስተኛው ረድፍ መሀል አመለከቱ። ከታመሙት መካከል ሰባት ተክሎች ጥርት ያለ አረንጓዴ ሆነው ቆመዋል። ጎንበስ ብዬ ግንዳቸውን አየሁ። የመቀሴ ጠባሳ ሰባቱም ላይ አለ።

«አልዘለልኩም። ቆርጫቸዋለሁ። ምንድን ናቸው?»

«የተከልኩት ችግኝ ሲሞትብኝ የወንድሜ ልጅ ከኮምቦልቻ ያመጣልኝ ናቸው። 'ይሄ ዝርያ ይችላል' ብሎኝ ነበር። ምኑን እንደሚችል አልነገረኝም።»

እኔ አውቃለሁ ምኑን እንደሚችል። ቫይረስ ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም፤ ገብቶ የሚያሠራው ሴል ይፈልጋል። አብዛኛው ቲማቲም አያውቀውምና ያስገባዋል። ይህን ቫይረስ የሚቋቋም ዝርያ ግን በተፈጥሮው የሚለይበት ነገር አለው፤ ገና ሲነካው ያውቀዋል፣ የተነኩትን ጥቂት ሴሎች ራሱ ያደርቃቸዋል፣ ሕመሙም ከዚያ አያልፍም። በአንድ መቀስ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ረድፍ የተቆረጡ ተክሎች ናቸው። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ላቦራቶሪ ሄጄም አላገኝም ነበር። ግን እንዲህ ዓይነት ማስረጃ ያገኘ መምህር ደስ ሊለው ሲገባ እኔ ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ በእኔ ቃል የተነቀለ ሰባት ረድፍ ተከምሯል።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ይቅርታውን ኋላ እናየዋለን። ትናንት የተናገርሽበት ቦታ ሄደሽ ተናገሪ።»

«አብረን እንሂድ።»

«ወላሂ አልሄድም። ትናንት እዚያ ድንጋይ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ዛሬ አንቺ ብቻሽን ሁኚ።»

ከአሱር ሰላት በኋላ ሰዎቹ አጎዬ ግቢ ተሰበሰቡ። ደብተሬን ገልብጬ አሳየኋቸው፤ መቀሱን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። የትናንቱ ንግግሬ እንዴት ያምር እንደነበር፣ የዛሬው እንዴት እንደተንተባተበ ዘሃራ እስከ ዛሬ ትነግረኛለች።

«ስለዚህ ሉባባ አይደለችም» አሉ አያ ሰይድ።

«አይደሉም። እኔ ነኝ።»

«መቀስሽ ነው እንጂ አንቺማ...»

«መቀሱ በእግሩ አልመጣም፣ አያ ሰይድ።»

አጎዬ ቶሎ ብሎ ገባ። «አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ተብሎ አይነገርም። 'ሊሆን ይችላል' በይ። ምናልባት በይ። አብሽሪ፣ እዚህ የሚወቅስሽ የለም።»

በሁለት ቀን ውስጥ የተጠራቀመው ንዴት ሁሉ ያን ጊዜ ገነፈለ።

«ትናንት ስለ እትዬ ሉባባ 'ሊሆን ይችላል' ያለ ሰው አልሰማሁም» አልኩ። «ምናልባት ያለም የለም። አብሽሪ ያላቸውም የለም። ለኔ 'ምናልባት' ከየት መጣ? የአጎዬ የእህት ልጅ ስለሆንኩ ነው? ደብተር ስለያዝኩ ነው? እኔ ሳላይ ተናገርኩ፤ እናንተ ደግሞ ሳትጠይቁ ፈረዳችሁ። የባላቸውን መሞት ከቲማቲም ጋር ምን አገናኘው?»

 አጎዬ መሬት መሬት አየ። ታላላቆቼን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ግን አላቆምኩም።

«ይኼም ይታወቅ፤ ጠዋት ስመጣ እርስዎን ልከስ ነበር አያ ሰይድ።»

«እኔን?»

«ሱረትዎን።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። አያ ሰይድ አልሳቁም። የሱረት ዕቃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አዩት፣ መልሰው ከተቱት።

«በል ሁሴን ተነሳ» አሉ አጎዬን። «ሰው ሳይመሽበት ሉባባ ዘንድ እንሂድ።»

ሄድን። እትዬ ሉባባ ከማሳቸው አልወጡም ነበር። አያ ሰይድ የትናንቱ ውሳኔ እንደተሻረ፣ ወደ ጅጌው እንዲመለሱ በሽምግልና ቃል ተናገሩ። እኔ ደግሞ፣ ዝም ማለት ስለማልችል፣ አንድ ነገር ጨመርኩ። ከእንግዲህ ሥራው ከጤነኛው ማሳ ጀምሮ በታመመው መጨረስ አለበት አልኩ፤ እጅም ከታመመ ወደ ጤነኛ እንዳይሄድ።

እትዬ ሉባባ ሰሙኝ። «የታመመው የኔ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«ስለዚህ መጨረሻ የምሆነው እኔ ነኝ። ትናንት በዕድሌ፣ ዛሬ በትምህርትሽ።» ወደ አያ ሰይድ ዞሩ። «ስሙ። መሬቴን ባዶ አድርጋችሁታል። ከነዚያ ከሰባቱ ዘር ችግኝ ታመጡልኛላችሁ፣ ተሰልፋችሁ ትተክሉልኛላችሁ። ያን ጊዜ ጤነኛው የማን እንደሚሆን እናያለን። እጃችሁን ታጠቡ እንጂ ተራዬን አትንኩ።»



ችግኙ ከኮምቦልቻ መጣ። ከሰባቱ ተክሎች ፍሬ ዘር አውጥተን እንትከል ያሉ ነበሩ፤ ድቅል ዝርያ ስለሆነ ልጆቹ ሁሉ እንደ እናታቸው እንደማይወጡ፣ አንዳንዱ እንደገና እንደሚታመም አስረድቼ አስተውኳቸው። ከሦስቱም ማሳ የታመመው ተነቅሎ ራቅ ተደርጎ ተቃጠለ። በመትከያው ቀን እትዬ ሉባባ ከቦዩ ዳር ሁለት ማስታጠቢያና የልብስ ሳሙና አስቀምጠው ሰውን አንድ በአንድ ያስታጥባሉ። አያ ሰይድ ተራቸው ሲደርስ እስከ ክርናቸው አረፋ አደረጉ።

«እንደ ውዱእ ነው እንዴ?» አሏቸው እትዬ ሉባባ።

«ከሱረት ነው» አሉ። «አስተማሪዋ አይታኛለች።»

እኔ ሦስተኛውን ቦታ ልይዝ ስሄድ እትዬ ሉባባ ክንዴን ይዘው አሥራ አንደኛው ረድፍ ላይ አቆሙኝ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ይቅርታው «ኋላ» የሚሉት ጊዜ ላይ እንደሆነ ገባኝ። በዚያ ወቅት የተነቀለው ሰባት ረድፍ ሌላ ሰው ላይ የወደቀ ኪሳራ አይደለም፤ እሳቸው ላይ ነው የወደቀው፤ ግማሹ ደግሞ ገና ያልታመመ ነበር። አዲሱ ተከላ ዘግይቶ ደረሰ፤ አረንጓዴ ሆኖ ደረሰ፤ ተራቸውም የመጀመሪያ እንደሆነ ቀጠለ። ያጡትን ወራት ግን አልመለሰላቸውም፤ ይህን ደስ የሚል መጨረሻ አድርጌ ልነግራችሁ አልፈልግም።

አሁን የንዴቴን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ቅጠሉን ሳያይ ዱቄት የሸጠው ሰው ያናድደኛል፤ ዛሬም በዚያ ሱቅ በር ሳልፍ ጥርሴን እነክሳለሁ። ለመበለት መጥፎ ነገር ለማመን ማስረጃ የማይጠይቅ፣ ለባለ ደብተር ግን «ምናልባት» የሚፈልግ ስብሰባ የበለጠ ያናድደኛል። ከሁሉ በላይ የምናደደው በዚያች ሳታውቅ አውቃለሁ ባለች መምህርት ነው። ባለ ሱቁ የሸጠው የማይጠቅም ዱቄት ነው፤ እኔ የሰጠሁት ግን ሰዎች ቀድሞውኑ በልባቸው የነበራቸውን ፍርድ በሳይንስ ስም ማጽደቂያ ነው። የተማረ ሰው ስህተት የሚከፋው ለዚህ ይመስለኛል፤ የሚጠራጠረው የለም።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲቀርብልኝ «አላውቅም፣ ነገ አይቼ እመልሳለሁ» ማለት ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ ተማሪዎቼ ያመመኝ መስሏቸው ነበር።

እናንተ ደግሞ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሌላ አትክልት ያላችሁ፣ ነገ ወደ ጓሯችሁ ከመግባታችሁ በፊት እጃችሁንና ስለታችሁን በሳሙና እጠቡ፤ ከጤነኛው ጀምራችሁ በታመመው ጨርሱ፤ ወደ ጤነኛው መመለስ ካለባችሁ እንደገና ታጠቡ። ከታመሙት መሀል አረንጓዴ ሆኖ የቆመ ተክል ካያችሁ አትንቀሉት፤ ምን ዝርያ እንደሆነ፣ ማን እንዳመጣው ጠይቁ። አትክልት የሌላችሁ ደግሞ፣ በቤታችሁ ወይም በሥራ ቦታችሁ አንድ ነገር ሲበላሽና ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ሰው ሲዞር፣ ወረቀት አውጡና በዚያ ያለፈውን ሰው ሁሉ ስም በተራ ጻፉ። ስማችሁን መጀመሪያ ጻፉት።